ህመምን ሳይደብቁ መጓዝ፦ የታይሮይድ ካንሰር፣ ዑምራና ኢንሹራንስ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው

አላህ (ሱ.ወ.) ሐጅን ግዴታ ያደረገው መንገዱን ለቻለ ሰው ነው። ዑለማዎች «መቻል» የሚለውን ሲያብራሩ ስንቅን፣ የመንገድ ሰላምንና የአካል ጤናን ይጠቅሳሉ። ታዲያ በታይሮይድ ካንሰር የታከመ ሙስሊም ወደ መካ መሄድ ይችላልን? የኢንሹራንስ ቅጹ «ከዚህ ቀደም የነበረብዎ ህመም አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀውስ ምን ብሎ ይጻፍ? በብዙ ቤተሰቦቻችን ዘንድ «ካንሰር» የሚለው ቃል ጮክ ተብሎ ስለማይነገር፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስጨንቃል።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከአየር ቧንቧው ላይ የተቀመጠች የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ ናት። ስታብጥ እንቅርት እንለዋለን። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። ካንሰር ሆኖ ሲገኝም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ይበዛል። በብዛት የሚታየው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚያድግና በጊዜ ከተደረሰበት በአላህ ፈቃድ የሚድን ነው። ሕክምናው በአመዛኙ ዕጢዋን በቀዶ ጥገና ማውጣት፣ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን መስጠት፣ ከዚያም በየቀኑ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን እንክብል መዋጥ ነው።

በዚህ መሠረት ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ፣ ሕክምናውን የጨረሰና ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው ይጓዛል የሚል ነው። ሕክምና ላይ ያለ ግን ቢታገሥ ይሻላል። ሳዑዲ ዐረቢያም በቅርብ ዓመታት ለሐጅ ባወጣቻቸው የጤና መስፈርቶች የካንሰር ሕክምና በመውሰድ ላይ ያሉትን አትቀበልም። ሌላ ሰው ወክሎ ሐጅ ማስደረግ የተፈቀደው ለመዳን ተስፋ ለሌለው ወይም እርጅና ላደከመው ነው። መዳኑ ተስፋ የሚደረግለት ሕመምተኛ ግን እስኪሻለው ይጠብቃል እንጂ ግዴታውን ለሌላ አያስተላልፍም።

ወደ ኢንሹራንሱ እንምጣ። የዑምራ ቪዛ የጤና ኢንሹራንስን ያካትታል፤ የሚሸፍነው ግን ድንገተኛ ሕመምንና አደጋን እንጂ የቆየ በሽታን ክትትል አይደለም። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የሼንገን አገሮች የሚሄድም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ብዙዎቹ ውሎች ከውሉ በፊት የነበረን በሽታ አይሸፍኑም፤ የሚሸፍኑትም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። ለሕክምና ተብሎ የተደረገ ጉዞን ደግሞ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ስለሆነም ከመፈረም በፊት «ይህ ሕመም አለብኝ፤ ትሸፍናላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

ህመሙን ደብቆ የፈረመ ሰው ምን ይገጥመዋል? ሆስፒታል በገባ ጊዜ ኩባንያው የሕክምና ታሪኩን ይመረምራል። የአንገቱ ጠባሳና የሚውጠው እንክብል ይመሰክሩበታል፤ ውሉም ሊፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ የሆስፒታሉ ሒሳብ በራሱ ላይ ይወድቃል። ቢሞትም ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው መከፈል ስላለበት፣ ደብቆ ያተረፈው ጥቂት ገንዘብ ከልጆቹ ድርሻ ላይ ይወሰዳል። ከሁሉም በላይ በውል ላይ ማታለል በኢስላም የተከለከለ ነው፤ ወደ አላህ ቤት የሚደረግ ጉዞ በውሸት ፊርማ ሊጀመር አይገባም።

«ኢንሹራንስ ራሱስ ይፈቀዳልን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ1985 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ የንግድ ኢንሹራንስን ከልክሎ፣ በመተጋገዝ ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ይኸው ዛሬ ተካፉል የሚባለው ነው። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ለተካፉል ሥራ መመሪያ አውጥቷል። ተካፉል የሚገኝ ከሆነ እርሱን ማስቀደም ይገባል። ቪዛው ሌላ ዓይነት የሚያስገድድ ሲሆን ግን የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ።

ለመንገዱ ደግሞ ጥቂት ምክሮችን እንጨምር። እንክብሉን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ከፊሉንም አብሮዎት ለሚጓዝ ቤተሰብ ይስጡ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ስለሚቆይ የአንድ ቀን መዝለል ብዙ አይጎዳም፤ የሳምንታት መቋረጥ ግን ሰውነትን ያዝላል። በባዶ ሆድ፣ ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይዋጣል። ካልሲየም ወይም አይረን የሚወስድ ሰው በመካከላቸው አራት ሰዓት ያድርግ። ከቀዶ ጥገና በኋላ የጣትና የከንፈር መደንዘዝ የካልሲየም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ማየት ያሻል።

ለካንሰሩ ሲባል መጠኑ ከፍ ያለ እንክብል የሚሰጣቸው ሰዎች ሙቀት አይችሉም፤ ልባቸውም ቶሎ ይመታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሐጅ የመካ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ፣ የሳዑዲ መንግሥት የ1,301 ሰዎችን ሞት አስታውቋል። ስለዚህ ዑምራን በቀዝቃዛዎቹ ወራት ማድረግ፣ ጠዋፉንም በሌሊት መፈጸም ይመረጣል።

ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የወሰደ ሰው በአውሮፕላን ማረፊያ የጨረር መፈተሻ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ያህል ሊጮህበት ይችላል። የወሰደበትን ቀን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይያዝ። ሕክምናው ገና የሚቀረው ከሆነም ደብዳቤው ይህን ይግለጽ፤ በባዕድ አገር ሆስፒታል ለራጅ ምርመራ የሚወጋ አዮዲን ያለበት ማቅለሚያ ሕክምናውን ያዘገይበታልና።

በመጨረሻም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ትምህርት አለን። ዱባዐ ቢንት ዙበይር (ረ.ዐ.) ሐጅ ፈልጋ መታመሟን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገረቻቸው። እርሳቸውም ሕመም ካገዳት በዚያው ከኢሕራም እንደምትወጣ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ እንድትነይት አዘዟት። ህመሟን አስቀድማ በመናገሯ ከጉዞዋ አልቀረችም፤ ይልቁንም መንገዱ ቀለለላት። እኛም ለሐኪሙ፣ ለኢንሹራንሱ፣ ለጉዞ መሪያችንና አብሮን ለሚጓዘው ቤተሰብ እውነቱን እንናገር።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማንን ሁሉ ያሽርልን፤ ቤቱንም በጤና ለመዘየር ያብቃን። አሚን።