ዝም ብሎ ለሚያነበው

በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል የምናገለግል ሐኪሞችና ነርሶች፣ የቀኑን ሥራ ፈጽመን ወደየቤታችን ከገባን በኋላ እንኳ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዘዋወረውን የሐሰት ፈውስ ወሬ እየተከታተልን መልስ የምንጽፍበትን ምክንያት ወዳጆቻችን አዘውትረው ይጠይቁናል። ክርክር ወደን ወይም ዕውቀታችንን ልናሳይ ሽተን አይደለም፤ የወሬው ፍጻሜ በእኛው ክፍል አልጋ ላይ ስለሚታይ ነው።

«ኢንሱሊን ሱስ ያስይዛል፤ የሽፈራው ቅጠል አፍልቶ የጠጣ ከስኳር ይገላገላል» የሚለውን ቃል አምኖ መርፌውን ያቋረጠ ወጣት፣ ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ እንደ ሆነ፣ ጥቂት ቀናት እንኳ ሳይሞላው ውሃ ጥሙ ይበረታበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፣ አፉም ከልክ በላይ የበሰለ ፍሬ ሽታ ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ1922 በቶሮንቶ ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ፣ እንዲህ ያለ የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ዕጣው ሞት ነበር። ያ ዘመን በአንድ መልእክት ምክንያት ወደ አንድ ቤት ሲመለስ አይቶ ዝም ማለት ለኅሊና ይከብዳል።

ወሬውን የሚያስተላልፉት ሰዎች ግን ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ በርኅራኄ ተነሣሥተው ለባልንጀራቸው ፈውስን የሚመኙ ናቸው። ስለዚህ መልሱም እምነታቸውን የማያቃልል ሊሆን ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በጊዜው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ለምእመናን ሲያስተምሩ የመረጡት መንገድ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ የሐኪም ተግሣጽ ይልቅ ልብን የሚያቀና ነበር።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዕድራቸው የቴሌግራም ገጽ ይህንኑ የሽፈራው ወሬ ላስተላለፉ አንዲት እናት እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እትዬ፣ ለሰው አዝነው እንደ ላኩት አውቃለሁ። ሽፈራውን የወደደ ይብላው፤ መርፌውን ግን ማንም እንዳያቆም ብለው ይጨምሩልን።» እናቲቱ አልመለሱላትም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ሰው፣ ከዚህ ወዲያ መድከም ከንቱ ነው ይላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም፤ መልስ የሚጻፈው ለላኪው ብቻ ሳይሆን ድምፁን ሳያሰማ ለሚያነበውም ነውና። በዚያው ምሽት፣ በገጹ ላይ ተናግሮ የማያውቅ አንድ አባት በግል ጻፈላት፤ ልጁ መርፌ ካቆመች ሁለተኛ ቀኗ ነበር፣ ማስመለስም ጀምሯታል። ባልደረባዬ ሌላ ነገር ሳትጠይቀው፣ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲያመጣት ነገረችው።