የሞተር ብስክሌት የፊት መብራት ማሻሻያ

የሞተር ብስክሌት የፊት መብራት ማሻሻያ ማለት ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣውን አምፖል ወይም ሙሉውን የፊት መብራት፣ ይበልጥ ብርሃን በሚሰጥና ለብቻው በተገዛ ዕቃ መተካት ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርጉት በሌሊት የሚነዱና የፋብሪካው መብራት ደካማ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። ሥራው አንድ አምፖል ነቅሎ ሌላ እንደ መሰካት ቢመስልም ሦስት ነገሮችን ይነካል፤ እነርሱም ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ፣ የሞተሩ የኤሌክትሪክ አቅም እና ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ዐይን ናቸው። በአግባቡ ያልተሠራ ማሻሻያ መብራቱን አድምቆ የነጂውን የማየት ርቀት ሊያሳጥር፣ ሌላውንም አሽከርካሪ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

የማየትና የመቆም ርቀት

በሌሊት የሚነዳ ሰው መብራቱ በሚያሳየው ርቀት ውስጥ መቆም መቻል አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ብስክሌት በየሰከንዱ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው እንቅፋቱን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1.5 ሰከንድ ቢወስድበት በዚያ ጊዜ 25 ሜትር ይሄዳል። በደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን ይዞ ለመቆም ደግሞ 23 ሜትር ያህል ይጨመራል፤ ድምሩ 48 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ይኸው ድምር ወደ 75 ሜትር ያድጋል። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ወይም መንገድ ላይ የተኛ ከብት በአጭር መብራት የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ርቀት ነው። ለመብራት ማሻሻያ ፍላጎት ዋናው ምክንያት ይህ ልዩነት ነው።

ሞተር ብስክሌት ከመኪና የሚለይባቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ የፊት መብራት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በኩርባ ላይ ስለሚያጋድል መብራቱም አብሮት ያጋድላል፤ በዚህም ምክንያት ነጂው የሚሄድበት የኩርባው ውስጠኛ ክፍል ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ታሪክ

በመጀመሪያዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የነበረው መብራት በአሴቲሊን ጋዝ የሚነድ ነበር። ጋዙ የሚገኘው በካልሲየም ካርባይድ ላይ ውሃ በማንጠባጠብ ነው። በኋላ ዲናሞና ባትሪ ሲስፋፉ የኤሌክትሪክ አምፖል ቦታውን ወሰደ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ አምፖሉ፣ አንጸባራቂውና መስታወቱ አንድ ላይ የታሸጉበት ባለ 7 ኢንች ክብ መብራት መደበኛ ሆነ። ይህ መጠን ዛሬም በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1962 በአውሮፓ የመጀመሪያው የመኪና ሃሎጅን አምፖል ወጣ። በ1971 ደግሞ ረጅምና አጭር መብራትን በአንድ አምፖል ያጣመረው ኤች 4 ተከተለ። የዜኖን መብራት በ1991 በቢ ኤም ደብሊው መኪና፣ የኤል ኢ ዲ አጭር መብራት ደግሞ በ2007 በሌክሰስ መኪና ላይ ለሽያጭ ቀረቡ። ወደ ሞተር ብስክሌት የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ቢ ኤም ደብሊው ኬ 1600 ያሉ ትልልቅ ሞተሮች ሞተሩ ሲያጋድል ብርሃኑን የሚያቃና መብራት ይዘው ወጥተዋል።

መለኪያዎች

በገበያ ላይ አራት ቃላት በተደጋጋሚ ይሰማሉ። ዋት አምፖሉ የሚበላውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም። ሉመን ከአምፖሉ በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ ነው። ሉክስ መንገዱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይለካል። ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም ያመለክታል፤ የሃሎጅን ቢጫ ቀለም 3,200 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ነጭ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ለነጂው የሚጠቅመው ሉክስ ቢሆንም በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሉመን ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ሉመን ኖሮት በየአቅጣጫው የሚበተን መብራት፣ አነስተኛ ሉመን ኖሮት በደንብ ከተሰበሰበ መብራት ያነሰ ርቀት ሊያሳይ ይችላል።

የአምፖል ዓይነቶች

ሃሎጅን። በውስጡ የተንግስተን ክርና የአዮዲን ወይም የብሮሚን ጋዝ አለ። የተለመደው ኤች 4 አምፖል በረጅም 60፣ በአጭር 55 ዋት ይበላል፤ ብርሃኑም በቅደም ተከተል 1,650 እና 1,000 ሉመን ያህል ነው። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የሚገኘው 35/35 ዋት አምፖል የሚሰጠው የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ደመቅ እንዲል የተሠራ ሃሎጅን ክሩ ይበልጥ ስለሚግል ዕድሜው ያጥራል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አምፖል ደግሞ ቀለሙ ብርሃኑን ስለሚያጣራው፣ ቢያምርም ከተራው የሚበልጥ ብርሃን አይሰጥም።

ዜኖን። ክር የለውም፤ ብርሃኑ የሚመነጨው በሁለት ጫፎች መካከል ከሚፈጠር የኤሌክትሪክ ቅስት ነው። በ35 ዋት 3,000 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። ለማስነሳት ግን ከ20,000 ቮልት በላይ የሚፈጥር ባላስት የሚባል መሣሪያ ይፈልጋል፤ ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠትም ጥቂት ሰከንዶች ይወስድበታል።

ኤል ኢ ዲ። ትንሽ ኃይል በልቶ ብዙ ብርሃን ይሰጣል፣ ወዲያው ይበራል፣ ንዝረትንም ይችላል። ጉዳቱ ከጀርባው የሚሞቅ መሆኑ ነው። ሙቀቱን የሚያስወጣ ብረት ወይም ትንሽ ማራገቢያ ስላለው በመብራቱ ቤት ውስጥ ቦታ ይፈልጋል። በላስቲክ መሸፈኛ ታፍኖ ከተገጠመ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቶሎም ይቃጠላል።

አምፖል ብቻ መቀየር የሚያመጣው ችግር

የፊት መብራት አንጸባራቂ የተሠራው ለአንድ ዓይነት አምፖል ነው። በኤች 4 ውስጥ ክሮቹ የሚገኙበት ቦታ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የተወሰነ ነው። ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ያለች ትንሽ የብረት ጋሻ ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ ታግዳለች፤ አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚታየው ጥርት ያለ የብርሃን ድንበር ከዚህ የመጣ ነው። የዜኖን ወይም የኤል ኢ ዲ አምፖል በዚህ ቤት ውስጥ ሲሰካ ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታና ቅርጽ ስለሚለወጥ ድንበሩ ይፈርሳል። ውጤቱም ከጎማው ፊት በጣም የበራ መንገድ፣ ራቅ ብሎ ጨለማ፣ ወደ ላይ ደግሞ የሚያጥበረብር ብርሃን ይሆናል። ቅርቡ ሲደምቅ የነጂው ዐይን ከዚያ ብርሃን ጋር ይላመዳል፤ ስለዚህ ሩቁን ማየት ይበልጥ ይከብደዋል።

በዚህ ምክንያት ለአዲሱ የብርሃን ምንጭ ተብሎ የተሠራ ሙሉ መብራት፣ ከነአንጸባራቂውና ከነመስታወቱ መግጠም የተሻለ ነው። ባለ 7 ኢንች ክብ መብራት ያላቸው ሞተሮች ለዚህ ይመቻሉ። ሌላው አማራጭ የፋብሪካውን መብራት ሳይነኩ ተጨማሪ መብራት መግጠምና ከረጅም መብራት ጋር ብቻ እንዲበራ ማገናኘት ነው።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ

ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚደክመው በአምፖሉ ሳይሆን በሽቦው ምክንያት ነው። በፋብሪካው አሠራር ኮረንቲው ከባትሪ ተነስቶ በቁልፉና በመሪው ላይ ባለው ማብሪያ አልፎ በቀጭን ሽቦ መብራቱ ጋ ይደርሳል። ማገናኛዎቹ ሲዝጉ ቮልቴጁ በመንገድ ይጠፋል። የክር አምፖል ብርሃን በቮልቴጅ በጣም ይወሰናል፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መፍትሔው ሪሌይ ነው። ከባትሪው በፊውዝ በኩል ወፍራም ሽቦ ለመብራቱ ይዘረጋል፤ አሮጌው ማብሪያ ደግሞ ሪሌዩን ብቻ ያዛል። አምፖሉ ሳይቀየር ይህ ብቻ መብራቱን የሚያሻሽልበት ጊዜ አለ።

ዋት መጨመር ግን ገደብ አለው። 55 ዋት አምፖል ከ12 ቮልት 4.6 አምፔር ያህል ሲስብ፣ 100 ዋት አምፖል 8.3 አምፔር ይስባል። ለመጀመሪያው የተሠራ ሽቦና ሶኬት በሁለተኛው ሊቀልጥ፣ የፕላስቲክ አንጸባራቂም ሊጣመም ይችላል። የትንሽ ሞተር ዲናሞ የሚያመነጨው ኃይልም ውስን ስለሆነ ፍጆታው ከበለጠ ባትሪው እየደከመ ይሄዳል።

በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይወስዳል። ምልክቱ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ መብራቱ መፍዘዙ፣ ነዳጅ ሲሰጠው መድመቁ ነው። ለቀጥተኛ ኮረንቲ የተሠራ የኤል ኢ ዲ አምፖል እዚያ ላይ ቢሰካ ይርገበገባል ወይም ይቃጠላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሽቦውን ዓይነት በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

አገጣጠምና ማስተካከል

ሃሎጅን አምፖል ሲገጠም መስታወቱ በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከልክ በላይ ግሎ አምፖሉን ሊሰብረው ይችላል። ከተነካ በአልኮል ይጠረጋል። መብራቱ ከተገጠመ በኋላ ከፍታውን ማስተካከል የግድ ነው።

በመጀመሪያ የጎማዎቹ አየር ይስተካከላል፣ ሞተሩ በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ ፊት ይቆማል፣ ነጂውም ይቀመጥበታል። የመብራቱ መሐል ከመሬት ያለው ከፍታ ተለክቶ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ሞተሩ 10 ሜትር ወደ ኋላ ይርቃል። አጭር መብራት ሲበራ የብርሃኑ ድንበር ከምልክቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ካልሆነ የማስተካከያው ብሎን በካቻቢቴ ይዞራል።

ትንሽ ስሕተት ብዙ ለውጥ ያመጣል። መብራቱ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንና በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ቢስተካከል፣ በ50 ሜትር ርቀት ድንበሩ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ከኋላ ሰው ተፈናጦ የሞተሩ ፊት በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ቢል ግን ድንበሩ በዚያው ርቀት 1 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም በተራ የቤት መኪና ውስጥ ከተቀመጠ አሽከርካሪ ዐይን ጋር ይገናኛል። ሰው ወይም ዕቃ ዘወትር የሚጭን ሞተር ጭነቱን እንደያዘ መስተካከል ያለበት ለዚህ ነው።

የመንገድ አቅጣጫና ሕግ

ብዙ የአጭር መብራት ዓይነቶች የራሳቸውን የመንገድ ዳር ከፍ አድርገው ያበራሉ። በግራ ለሚነዳባቸው እንደ ሕንድ፣ ኬንያና ብሪታንያ ላሉ አገሮች ተብሎ እንዲህ የተሠራ መብራት በቀኝ በሚነዳበት አገር ቢገጠም ብርሃኑን ከፊት ለሚመጣው አሽከርካሪ ያነሳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቀኝ የሚነዳባት አገር ስለሆነች ይህ ከውጭ ለሚመጡ መብራቶች የሚታይ ነገር ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት በተሠሩ መብራቶች መስታወት ላይ ቀስት ከሌለ መብራቱ ለቀኝ መንገድ፣ ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ካለው ለሁለቱም የተሠራ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ በሃሎጅን መብራት ቤት ውስጥ የሚሰካ የኤል ኢ ዲ አምፖል ለሕዝብ መንገድ የሚጠየቀውን የፌዴራል መስፈርት አያሟላም። በጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የተፈተኑ አንዳንድ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች በስም ለተዘረዘሩ የተሽከርካሪ ሞዴሎች ብቻ ተፈቅደዋል። የፈቃዱ መነሻ የአምፖሉ ብርሃን ብዛት ሳይሆን፣ አምፖሉ በዚያ መብራት ቤት ውስጥ የብርሃን ድንበሩን ጠብቆ መገኘቱ ነው።