ቀሪ ሒሳቡን ማን ይናገር?

መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንድ ገበሬ ጤፍ ሸጦ ክፍያውን በስልክ ተቀበለ እንበል። ከታች ያለው ዝርዝር «500 ብር ገብቷል» ይላል፤ ከላይ ያለው ቀሪ ሒሳብ ግን አልተነቃነቀም። ጤፉን ያስረክብ ወይስ ይያዝ?

ጥፋቱ ሁሌ የኔትወርክ አይደለም። የስክሪኑ ክፍሎች የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው እርስ በርስ ወሬ የሚቀባበሉ ከሆነ፣ አንዱ ያልሰማው ነገር ይኖራል። ፌስቡክንም ይሄው ገጥሞታል፦ ምልክቱ አዲስ መልእክት አለ ይላል፣ ሲከፈት የለም። መሐንዲሶቹ በ2014 እ.ኤ.አ. «ፍለክስ» የተባለውን አሠራር ይፋ አደረጉ። ነገሩ የዕቁብ ጸሐፊን ይመስላል፦ መዝገቡ አንድ ነው፣ ለውጥ የሚጻፈው እዚያ ብቻ ነው፣ ሁሉም ከዚያው ያነባል። «ላክ» የሚለው ቁልፍ ራሱ ሒሳቡን አይቀንስም፤ «200 ብር ይላክ ተብሏል» ብሎ ለመዝገቡ ያሳውቃል እንጂ።

ኮዱ ይረዝማል፣ አልክድም። ለካልኩሌተር ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው፤ ገንዘብ ለሚያሳይ ስክሪን ግን እኔ ሌላ አልመርጥም።