«ቅልጥሜን አመመኝ»
ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው ዳገትና ቁልቁለት የምንሮጥ ሁሉ የቅልጥም ሕመምን እናውቀዋለን። «ሰውነቴ ሲሞቅ ይለቀኛል» እያልን እንገፋበታለን። ሕመሙ ግን ሁለት ዓይነት ነው።

በቅልጥሙ ውስጠኛ ጎን በረጅሙ የሚሰማና ሲያሟሙቁ ቀለል የሚል ከሆነ፣ ሩጫውን ለጥቂት ሳምንታት መቀነስ፣ ቁልቁለቱን መተውና ያለቀ ጫማ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ሌሊትም የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ መታሸት አያድነውም፣ ሩጫው ይቁም፣ ሐኪም ይየው።

አበበ ቢቂላ እንኳ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮው ማራቶን እግሩን ታሞ አቋርጧል፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ማቆም ነውር አይደለም። ነገ ተማሪያችን «መምህር፣ ቅልጥሜን አመመኝ» ሲለን፣ «በርታ፣ ሩጥ!» ብለን አንስበረው።