ትርታዎ በሰከንድ ስንት ሜትር ይጓዛል?

በአንድ እጅዎ ሁለት ጣቶች የአንገትዎን አንድ ጎን በስሱ ይንኩ። ከጉሮሮ አጠገብ የምትመታውን ትርታ ሲያገኟት፣ በሌላው እጅዎ ደግሞ ከቁርጭምጭሚትዎ በስተውስጥ፣ ከአጥንቱ ጀርባ ያለችውን ትርታ ይፈልጉ። ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ካገኟት በኋላ ግን ዝም ብለው ቢያዳምጡ ሁለቱ እኩል እንደማይመቱ ይታወቅዎታል። አንገት ይቀድማል፤ እግር ይከተላል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ነው።

ትርታ ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ቁጥሩን ነው፤ በደቂቃ 70 ወይስ 90? እጅዎ ላይ ያሰሩት ዘመናዊ ሰዓትም አረንጓዴ ብርሃን እያበራ የሚነግርዎ ይህንኑ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ትርታው ከልብ ተነሥቶ ወደ እግር ሲወርድ በምን ያህል ፍጥነት ይጓዛል? መልሱ ስለ ደም ሥርዎ ዕድሜ ብዙ ይናገራል።

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። ትርታው የሚሮጥበት ፍጥነትና ደሙ የሚፈስበት ፍጥነት አንድ አይደሉም። የታክሲ ሰልፍ ያስቡ። ከኋላ አንዱ ሲገፋ ግፊቱ ሰው በሰው እያለፈ ወዲያው ፊት ያለው ዘንድ ይደርሳል። ከተሰለፉት አንዱም ግን ከግማሽ እርምጃ በላይ አልሄደም። በደም ሥርም እንዲሁ ነው። ከልብ በሚወጣው ትልቁ ቧንቧ በአኦርታ ውስጥ ደሙ በአማካይ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈሳል። የግፊቱ ሞገድ ግን በወጣት ሰው አኦርታ ላይ በሰከንድ 5 እና 6 ሜትር፣ በአረጋዊ ደግሞ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል።

ስለዚህ ሞገድ በጥልቀት ካሰቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ነው። ብርሃን ሞገድ መሆኑን በሙከራ ያሳየው፣ የግብፅን ጥንታዊ ጽሑፍ ለመፍታት የታገለው ያው ያንግ ነው። የፊዚክስ ተማሪ ልጅ ካለዎት «ያንግ ሞዱለስ» ምን እንደሆነ ይጠይቁት፤ የአንድን ነገር ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። ያንግ እ.ኤ.አ. በ1808 ለንደን ውስጥ ስለ ልብና ደም ሥሮች ሥራ ንግግር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ ሞንስና ኮርተቬግ የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ነገሩን በቀመር አስቀመጡት። የቧንቧው ግድግዳ ሲደርቅና ሲወፍር ሞገዱ ይፈጥናል፤ ቧንቧው ሲሰፋ ይዘገያል። ፍጥነቱን ያወቀ እንግዲህ ሆድ ሳይከፍት የግድግዳውን ጥንካሬ አወቀ ማለት ነው።

አለካኩ ሲያዩት የሚያስገርም ቀላልነት አለው። አንድ መሣሪያ አንገት ላይ፣ ሌላው ብሽሽት ላይ ይቀመጣል። ባለሙያው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ይለካል። መሣሪያው ትርታው ሁለቱ ቦታዎች የደረሰበትን ጊዜ ይመዘግባል። ርቀቱ 48 ሴንቲ ሜትር፣ የጊዜው ልዩነት 60 ሺኛ ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ሜትር ነው። ያው ርቀት በ40 ሺኛ ሰከንድ ከታለፈ 12 ሜትር ይሆናል። የአውሮፓ ባለሙያዎች ከ10 ሜትር በላይ የሆነውን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጥሩታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ፍጥነቱ በአንድ ሜትር በጨመረ ቁጥር የልብና የደም ሥር አደጋ 14 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ዕድሜና ሌሎች ምክንያቶች ተቀናንሰው ማለት ነው።

ለምን ይጎዳል? ጤነኛ አኦርታ እንደ ላስቲክ ነው። ልብ ደም ስትረጭ ይለጠጣል፣ ልብ ስታርፍ ይሰበሰባል፤ ግፊቱን አለዝቦ ያሳልፋል። የደረቀ አኦርታ አይለጠጥም። ግፊቱ እንዳለ እንደ መዶሻ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት ቀጫጭን ሥሮች ይደርሳል። ሌላም አለ። ሞገዱ እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ልብ ይመለሳል። በለስላሳ ቧንቧ ሲሆን የሚመለሰው ልብ ስታርፍ ነው፤ ልብ ራሷን የሚመግቡት ሥሮች በደንብ የሚሞሉትም በዚያች ሰዓት ስለሆነ ይጠቅማታል። ሞገዱ ሲፈጥን ግን ገና እየገፋች ሳለ ይደርስባታል። ሸክም ሆኖ ይመጣል፣ ምግቧንም ይቀንስባታል።

ነገሩ በግንባታ ሥራ ተቃራኒ መሆኑ ደስ ይለኛል። መሐንዲሶች የኮንክሪትን ጥራት ሳይሰብሩት ለመፈተሽ የድምፅ ምት ይልኩበታል፤ በሰከንድ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከሄደ እሰየው ነው፣ ከዘገየ ውስጡ ስንጥቅ ወይም ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላል። ቤትዎ ምቱ እንዲፈጥን፣ ደም ሥርዎ እንዲዘገይ ይመኛሉ።

ልጆችዎ ይህን ሳሎን ውስጥ መሞከር ይችላሉ። 5 ሜትር ገመድ በር እጀታ ላይ ይሰሩና ሌላውን ጫፍ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ያርግቡት። እብጠቱ ሲሄድ ያዩታል። ገመዱን ሲወጥሩት ይፈጥናል፤ በከባድ ገመድ ሲቀይሩት ይዘገያል። በስልክ ቀርፀው ቀስ አድርገው ቢያጫውቱት ጊዜውን መቁጠር ይቻላል። በግማሽ ሰከንድ ከጫፍ ጫፍ ከደረሰ በሰከንድ 10 ሜትር ሄዷል፤ ሐኪሞቹ የሚጠነቀቁለት ቁጥር ማለት ነው።

የሞገድ ፍጥነት መለኪያው በየክሊኒኩ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቤት ያለው የደም ግፊት መለኪያ ግን ፍንጭ ይሰጣል። አባትዎ ተለክተው 160 በ80 ቢወጣ «የታችኛው ጥሩ ነው» ብለን እንጽናናለን። የላይኛውን ከታችኛው ይቀንሱት፤ 80 ይሆናል። ደም ሥር ሲደርቅ የላይኛው ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል፣ መካከሉ ይሰፋል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች 60ና ከዚያ በላይ የሆነ ልዩነት ለሐኪም የሚነገር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ቀን ልኬት አይታወቅም፤ ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ ተለክቶ ይጻፍ። ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፣ ቡናውም ከልኬቱ በኋላ ይቅረብ።

ደም ግፊትን በመድኃኒት መቆጣጠር፣ ሲጋራ ማቆም፣ ጨው መቀነስና አዘውትሮ ፈጠን ብሎ መራመድ ሞገዱን ያዘገያሉ። ስኳርና የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሥሮቹ ቀድመው ስለሚደርቁ ክትትሉን ከሌላው ቀደም ብሎ ይጀምር። መድኃኒት የታዘዘላቸው አባትም «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለው እንዳያቋርጡ፣ ቁጥሮቹን የጻፉበትን ወረቀት ይዘው አብረዋቸው ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።