የግማሽ ሚሊሜትር ጦርነት

ብሉሬይና ኤችዲ ዲቪዲ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በቅርጽ የሚለያቸው የለም። ሁለቱም 12 ሴንቲሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሌዘር ይነበባሉ፤ የያዙት ፊልምም ጥራቱ ያው ነው። ልዩነታቸው ከውስጥ ነው። ሌዘሩ በሚገባበት በኩል ሲለካ፣ መረጃው የተቀረጸበት ወለል በብሉሬይ 0.1 ሚሊሜትር፣ በኤችዲ ዲቪዲ ደግሞ 0.6 ሚሊሜትር ጠልቆ ይገኛል። በዚህች ግማሽ ሚሊሜትር ሳቢያ ከ2002 እስከ 2008 (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ተፋጠጡ፣ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ለሁለት ተከፈሉ፣ የኮምፒውተር አምራቾችም ጎራ ለዩ።

ያሸነፈው ዲስክ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቦታውን አገኘ። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ሥር ሳይሰድ ቀረ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከብርሃኑ መጀመር ይሻላል።

ዲስክ ላይ ያለው መረጃ በጥምዝ መስመር የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። ሌዘሩ በላያቸው ሲያልፍ ጉድጓድ ያለበትና የሌለበት ቦታ ብርሃኑን በተለያየ መጠን ይመልሱታል፤ ማንበቢያውም ያንን መለዋወጥ ወደ 0 እና 1 ይቀይረዋል። ስለዚህ ዲስኩ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስነው ሌዘሩ ወለሉ ላይ የሚያሳርፋት የብርሃን ነጥብ ትንሽነት ነው። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው የመቃ ብዕሩን ጫፍ ባቀጠነ ቁጥር በዚያው ገጽ ላይ ብዙ መስመር ማስገባት እንደሚችል ማለት ነው።

ነጥቧን የሚያሳንሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። ሲዲ የሚነበበው ዓይን በማያየው 780 ናኖሜትር ብርሃን ነው፤ ዲቪዲ በቀዩ 650 ናኖሜትር። ሁለቱ አዳዲስ ዲስኮች ግን ወደ 405 ናኖሜትር ወረዱ። ይህ ብርሃን ሰማያዊ ይባል እንጂ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ነው። ሁለተኛው ነገር ሌንሱ ብርሃኑን ምን ያህል ሰፊ በሆነ ማዕዘን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ እንደሚያወርደው ነው። ባለሙያዎች ኑመሪካል አፐርቸር የሚሉት ቁጥር ይህንን ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ነጥቧ ታንሳለች።

አጭር ሞገድ ያለው ሌዘር ለብዙ ጊዜ የማይሞከር ይመስል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገውን ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ቁስ በሚፈለገው ጥራት ማሳደግ ብዙዎችን ተስፋ አስቆርጧል። በጃፓኑ ኒቺያ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ ግን በ1993 ደማቅ ሰማያዊ አምፖል (ኤልኢዲ) ይዞ ብቅ አለ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ከዚያው ቁስ ሌዘሩን ሠራ። ለአምፖሉ በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤልን ተካፍሏል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ማስላት ይቻላል። የሞገዱን ርዝመት ለሌንሱ ቁጥር ስናካፍል ከነጥቧ ስፋት ጋር አብሮ የሚሄድ ቁጥር እናገኛለን። ለዲቪዲ 650ን ለ0.6 ብናካፍል 1083 ገደማ ይደርሰናል። ለኤችዲ ዲቪዲ 405 ሲካፈል ለ0.65፣ 623 ነው። ለብሉሬይ 405 ሲካፈል ለ0.85፣ 476 ነው። በቆዳ ስፋት ካየነው የኤችዲ ዲቪዲ ነጥብ ከዲቪዲው 3 ጊዜ፣ የብሉሬይዋ ደግሞ 5 ጊዜ ያህል ታንሳለች። አሁን አቅማቸውን እንይ። ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት፣ ኤችዲ ዲቪዲ 15፣ ብሉሬይ 25 ይይዛሉ፤ የዲቪዲው 3 እና 5 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የዚያን ጊዜ የገበያ ማስታወቂያ ሁሉ የሚያወራው ከዚህች ቀላል ማካፈል ስለወጣ ቁጥር ነበር።

ታዲያ ቶሺባና ኤንኢሲ ኤችዲ ዲቪዲን ሲነድፉ ስለምን 0.85ቱን ሌንስ አልወሰዱም? የሚሽከረከር ዲስክ መቼም ዝርግ ሆኖ አይቆምም፤ ትንሽ ይዘማል። በዘመመ ፕላስቲክ ውስጥ ያለፈ ብርሃን ነጥቡ ይበላሻል፤ ጅራት ያወጣል። ይህ ብልሽት ከፕላስቲኩ ውፍረት ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከሌንሱ ቁጥር ጋር ግን በሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ሌንሱን ከ0.6 ወደ 0.85 ማሳደግ ብልሽቱን ሦስት እጥፍ ሊያደርስ ምንም አይቀረውም፤ የሞገዱ ማጠር ደግሞ ያብሰዋል። ብሉሬይን የነደፉት ሶኒና አጋሮቹ መፍትሔ ያደረጉት ፕላስቲኩን ወደ አንድ ስድስተኛ ማሳሳት ነበር። ዕዳው የጣት አሻራና ጭረት ከመረጃው በጣም መቅረቡ ነው። በ2003 ጃፓን ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው የብሉሬይ መቅጃ ዲስኩን በካርትሪጅ ውስጥ ይዞ የመጣው በዚሁ ስጋት ሲሆን፣ ካርትሪጁን ያስቀረው ቲዲኬ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ጠንካራ ቅብ ነው።

ቶሺባ በበኩሉ 0.6 ሚሊሜትሩን አልለቀቀም። ዲቪዲ ራሱ ሁለት 0.6 ሚሊሜትር ስስ ዲስኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ የነበሩት ፋብሪካዎች በጥቂት ማስተካከያ አዲሱን ማተም ይችሉ ነበር። ቶሺባ ተሸንፏልና ብዙ ሰው ይህን ምርጫ እንደ ስንፍና ያወራዋል። እኔ ግን የሰከነ ምሕንድስና ነበር እላለሁ፤ ርካሽ ነበር፣ ቀድሞም ገበያ ደረሰ። በ2006 ጸደይ አሜሪካ ውስጥ የቶሺባው ማጫወቻ 499 ዶላር ሲሸጥ፣ ሁለት ወር ቆይቶ የመጣው የሳምሰንግ ብሉሬይ 999 ዶላር ነበር።

የኮምፒውተሩ ሰፈርም አልተስማማም። ዴል፣ ኤችፒና አፕል ብሉሬይን ደገፉ። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት በመስከረም 2005 ለኤችዲ ዲቪዲ ወገኑ፤ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ የዲስኩ ባለቤት ፊልሙን በሕጋዊ መንገድ ወደ ሃርድ ዲስኩ መገልበጥ ይችላል የሚል ነበር። ኤችፒም ይህንኑ ከብሉሬይ ወገን ጠይቆ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሁለቱንም እደግፋለሁ አለ። በ2006 ቶሺባ ኮስሚዮ ላፕቶፑን በኤችዲ ዲቪዲ፣ ሶኒ ቫዮውን በብሉሬይ አወጡ። ለማይክሮሶፍት የጌም መጫወቻ ለኤክስቦክስ 360 ተብሎ በ199 ዶላር የተሸጠውን የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በዩኤስቢ ከኮምፒውተራቸው ጋር አገናኝተው የተጠቀሙም ነበሩ። የኤክስቦክሱ ማጫወቻ ግን ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ ነው። ሶኒ በኅዳር 2006 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ግን እያንዳንዱ ብሉሬይ ተገጥሞለት ነው የተሸጠው። ጌም ሊጫወት የገዛው ሁሉ ሳያስበው የብሉሬይ ባለቤት ሆነ። በጥር 4 ቀን 2008 የፊልም ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ ከእንግዲህ ብሉሬይ ብቻ ሲል ነገሩ አበቃ፤ በየካቲት 19 ቶሺባ እጁን ሰጠ።

ዋርነር ያንን በተናገረ በ11ኛው ቀን አፕል ማክቡክ ኤርን አሳየ፤ ከውስጡ የዲስክ ማጫወቻ ጭራሽ የሌለው ላፕቶፕ። የአፕሉ መሪ ስቲቭ ጆብስ በዚያው ዓመት በጥቅምት የብሉሬይ ፈቃድ አሰጣጥ ውስብስብነት እንዳማረረው በይፋ ተናግሯል። አፕል በብሉሬይ ማኅበር ውስጥ ሆኖ እንኳ አንድም ማክ ላይ አልገጠመውም።

ምሬቱ መሠረት ነበረው። አንድ ሰው በ2007 የብሉሬይ ማጫወቻ ገዝቶ ኮምፒውተሩ ላይ ገጠመ እንበል። ዲስኩ ኤኤሲኤስ በተባለ መቆለፊያ ተመስጥሯል፤ ቁልፉ ያለው በሚገዛው የማጫወቻ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ምስሉ ከግራፊክስ ካርዱ ወደ ሞኒተሩ ከመሄዱ በፊት ሁለቱ ኤችዲሲፒ በሚባል ሌላ መቆለፊያ መተዋወቅ አለባቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት የተገዛ ጥሩ ሞኒተር ይህን ስለማያውቅ ፊልሙ አይከፈትለትም። ሁሉም ቢሟላ እንኳ የተጨመቀውን ምስል መፍታት የዚያን ጊዜውን ፕሮሰሰር ያንገዳግደው ስለነበር ሥራውን ወደ ግራፊክስ ካርዱ ማዛወር ግድ ሆነ። ይባስ ብሎ በዚያው ዓመት ሰርሳሪዎች ዊንዲቪዲ ከተባለው የማጫወቻ ሶፍትዌር ውስጥ ቁልፉን አወጡት። አሮጌው ቁልፍ ሲሰረዝ ሶፍትዌሩን ያላሳደሰ ገዢ አዳዲስ ዲስኮችን ማየት አልቻለም። ቅጂ የሚያባዛው ሰው ይህ ሁሉ አያስቸግረውም፤ የተቸገረው ከፍሎ የገዛው ነው።

ዊንዶውስ 7 በ2009 ሲወጣ በብሉሬይ ዲስክ ላይ ፋይል መጻፍ ይችል ነበር፤ ፊልሙን ማጫወት ግን አይችልም። ለፋይል ማስቀመጫነትም ቢሆን ጊዜው አልፎበታል። በመጀመሪያው ፍጥነት 25 ጊጋባይት ለመሙላት አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ በዚህ መካከል ሃርድ ዲስክና ፍላሽ እየረከሱ ሄዱ። ኔትፍሊክስም ከጥር 2007 ጀምሮ ፊልምን በኢንተርኔት ማሳየት ጀምሮ ነበር። በኛ አገር ደግሞ ከቪሲዲ ወደ ዲቪዲ፣ ከዲቪዲ ወደ ፍላሽ ስንሻገር ብሉሬይ መኖሩን ያወቀው ጥቂት ሰው ነው።

ብሉሬይ በኮምፒውተሩ ዓለም የተሳካለት ማንም ባላሰበው ቦታ ነበር። ፌስቡክ በ2014 10,000 ዲስኮችን በአንድ መደርደሪያ አጭቆ አንድ ፔታባይት የሚይዝ ማከማቻ አሳይቷል። ሰው አልፎ አልፎ ብቻ ለሚከፍታቸው ፎቶዎች የታሰበ ስለነበር፣ የማይሽከረከር ዲስክ ኤሌክትሪክ አለመብላቱ ለዚህ ሥራ ጠቀመው።

ፊልሙ ግን አሁንም ከቁልፉ ጋር ነው። በ2016 የመጣው እስከ 100 ጊጋባይት የሚይዘው የ4ኬ ብሉሬይ ኮምፒውተር ላይ እንዲታይ የተፈቀደው ኤስጂኤክስ የተባለ የደኅንነት ክፍል ባላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ብቻ ነበር። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ይህን ክፍል ከዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ አወጣው። ከዚያ በኋላ በፈቃድ የተገዛ የ4ኬ ዲስክ በሕጋዊ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ማየት የፈለገ ሰው አዲስና ፈጣን ማሽን አላዋጣውም፤ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ትውልድ ያለ አሮጌ ኢንቴል መፈለግ ነበረበት።