ከቀመሩ ጀርባ ያለው መምህር

በጤና፣ በግብርና ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ የተሠሩ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው 384 የምትባል ቁጥር ሳትገጥመው አትቀርም። አንዳንዴ 385 ትሆናለች፤ መልስ የማይሰጥ ሰው ይኖራል ተብሎ አሥር በመቶ ሲጨመርባት ደግሞ 423 ላይ ትደርሳለች። ተማሪው «ስንት ሰው ልጠይቅ?» ለሚለው ጥያቄ ያገኛት መልስ ናት። ቀመሯ አጭር ነው፦ 1.96 በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ በ0.5 ሁለት ጊዜ ይባዛል፣ በመጨረሻ ለ0.05 ስኩዌር ይካፈላል። ውጤቱ 384.16 ነው። ብዙው ተማሪ ከእሱ በፊት ከተመረቀው ይቀዳታል፤ አማካሪውም አይቶ ያልፋታል። 1.96 ከየት እንደመጣ፣ 0.5 ለምን እንደተመረጠ፣ ቀመሩም መቼ እንደማይሠራ ከመሠረቱ ተነስቶ ሰሌዳ ላይ ማሳየት የሚችል ሰው ግን በየዩኒቨርሲቲው ጥቂት ነው። የማቲማቲካል ስታቲስቲክስ መምህር ማለት ይህ ሰው ነው።

ስታቲስቲክስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሰንጠረዥ፣ ግራፍና ፐርሰንት ነው። ማቲማቲካል ስታቲስቲክስ የዚያ ሁሉ መሠረት ነው። ጥቂቱን አይቶ ስለ ብዙው መናገር በምን ሁኔታ እንደሚቻል፣ ሲነገርም ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በሒሳብ ያረጋግጣል። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ የሚማር ተማሪ በፕሮባቢሊቲ ጀምሮ ወደ ኢንፈረንስ፣ ወደ ሳምፕሊንግና ወደ ሙከራ ንድፍ ይሄዳል። መምህሩ እነዚህን ከማስተማሩ በተጨማሪ ለኢኮኖሚክስ፣ ለግብርናና ለሌሎች ትምህርት ክፍሎች የመግቢያ ኮርሱን ይሰጣል። የመግቢያ ኮርሱ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሒሳብን ሸሽተው ሌላ ዘርፍ በመረጡ ተማሪዎች ስለሆነ፣ እንደ እኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው እሱን ማስተማር ነው።

ያችን አጭር ቀመር ብንፈታታት የመምህሩ የዓመት ሥራ ውስጧ ይገኛል። 1.96 የደወል ቅርጽ ካለው ከኖርማል ከርቭ የመጣች ናት፤ በከርቩ መሐል ያለው 95 በመቶ የሚሆነው ስፋት በዚህች ቁጥርና በአሉታዊዋ መካከል ይውላል። ይህ ከርቭ ስለ ሰዎች መልስ ምን አገባው ለሚል፣ መልሱ ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም ነው። የብዙ ነጻ ምልከታዎች አማካይ፣ ምልከታዎቹ ራሳቸው ምንም ዓይነት ሥርጭት ቢኖራቸው፣ ቫሪያንሳቸው (የመበታተናቸው መጠን) ውስን እስከሆነ ድረስ ወደዚህ ከርቭ እየተጠጋ ይሄዳል። አብርሃም ደ ሟቭር እ.ኤ.አ. በ1733 ለሳንቲም ውርወራ አሳየው፤ ላፕላስ በኋላ አሰፋው። ክፍል ውስጥ እዚያ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል። 0.5ን፣ ማለትም አስቀድሞ የሚገመተውን ድርሻ፣ የሚያስረዳው ግን የሁለተኛ ደረጃ ካልኩለስ ነው። አንድን ቁጥር ከአንድ ቀንሰን ልዩነቱን በራሱ በቁጥሩ ብናባዛ፣ ውጤቱ ከፍተኛ የሚሆነው ቁጥሩ ግማሽ ሲሆን ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ምንም መረጃ ባይኖረው ለባሰው ሁኔታ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። 0.05 ደግሞ ከየትኛውም ቲዎረም አይወጣም። ጥናቱ አምስት ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ቢል እንታገሣለን የሚል የሰው ውሳኔ ነው። የትኛው ቁጥር በሒሳብ እንደተረጋገጠ፣ የትኛው ደግሞ በሰው ምርጫ እንደገባ ለይቶ መናገር ከዚህ መምህር የሚጠበቅ ትልቅ ነገር ነው።

ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የናሙና ቫሪያንስ ሲሰላ ለምን በናሙናው ብዛት ሳይሆን አንድ ተቀንሶ ይካፈላል? «ቀመሩ እንዲህ ስለሚል ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጥሩ መምህር ግን ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥር ይጽፋል፦ 2፣ 4 እና 6። በአንድ መንደር ያሉ ሦስት ቤተሰቦች የልጆች ብዛት ነው እንበል። አማካዩ 4 ነው፤ እውነተኛው ቫሪያንስ 8 ለ3 ሲካፈል፣ ማለትም 2.67 ገደማ። አሁን መንደሩን ሁሉ ማየት ሳንችል ቀርተን፣ የወጣውን ዕጣ እየመለስን ሁለት ጊዜ ብቻ እናውጣ። ሊወጡ የሚችሉት ጥንዶች ዘጠኝ ናቸው። በሦስቱ ሁለቱም ቁጥሮች እኩል ናቸው፤ በአራቱ በሁለት ይለያያሉ፤ በቀሩት ሁለቱ በአራት ይለያያሉ። ቫሪያንሱን ለሁለት እያካፈልን ብናሰላ እንደ ቅደም ተከተላቸው 0፣ 1 እና 4 እናገኛለን። የዘጠኙ ድምር 12፣ አማካዩ 1.33። ከእውነተኛው ግማሹ ብቻ ነው። ለአንድ ብናካፍል ግን 0፣ 2 እና 8 ይመጣል፤ ድምሩ 24፣ አማካዩ 2.67። ልክ እውነተኛው።

ምክንያቱ ይህ ነው። እውነተኛውን አማካይ ስለማናውቀው ርቀቱን የለካነው ከናሙናው ከራሱ አማካይ ነው። እሱ ደግሞ ከእነዚያው ቁጥሮች ስለተሠራ ሁልጊዜ ይጠጋቸዋል፤ መበታተኑም ካለው አንሶ ይታያል። አንዱን መቀነስ ያንን ጉድለት ይሞላል። አጠቃላይ ማረጋገጫው በሰሌዳው ላይ ጥቂት መስመር ይፈጃል፤ ዘጠኙን ጥንድ በራሱ እጅ የዘረዘረ ተማሪ ግን መስመሮቹ ምን እያሉ እንደሆነ ገብቶት ይከታተላል።

ከክፍል ውጭ ያለው ሥራ የሚጀምረው ቢሮ በር ላይ ነው። ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ የመጣች የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን አቅፋ ትገባለች።

«መምህር፣ ዳታ ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ የትኛውን ቴስት ልጠቀም?»

«ቁጭ በይ እስቲ። ሰዎቹን እንዴት መረጥሻቸው?»

«ለመንገድ የሚቀርቡ ሦስት ቀበሌዎች ወሰድኩ፤ ናሙናው 384 ነው።»

እዚህ ላይ ችግሩ ሁለት ነው። ቀመሩ እያንዳንዱ ሰው ከጠቅላላው ሕዝብ ለብቻው በዕጣ እንደወጣ አድርጎ ያስባል። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ሰዎች ግን አንድ ውሃ ይጠጣሉ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ የሁለተኛው ሰው መልስ ከመጀመሪያው ብዙ አዲስ ነገር አይጨምርም። ዲዛይን ኢፌክት የሚባለው ማስተካከያ የመጣው ለዚህ ነው፤ ሁለት ተብሎ ከተወሰደ 384ቱ 768 መሆን ነበረበት። ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ቀበሌዎቹ የተመረጡት ለመንገድ ስለቀረቡ ነው፤ ከመንገድ የራቀው ሰው የመመረጥ ዕድሉ ዜሮ ነበር። ይህንን የትኛውም ቴስት አያክመውም። መምህሩ ለተማሪዋ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጥናቷ ስለ ማን ሊናገር እንደሚችልና ስለ ማን እንደማይችል በግልጽ እንድትጽፍ መርዳት ነው። ዳታ ከመሰብሰቧ በፊት መጥታ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት ይበቃት ነበር።

ወካይ የሚመስለውን ቦታ አይቶ መምረጥ ይሻላል ወይስ ዕጣ የሚለው ክርክር በዓለም ደረጃም ብዙ አነጋግሯል። ስታቲስቲሺያኑ ዬዢ ኔይማን እ.ኤ.አ. በ1934 ለንደን ለሚገኘው የሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ሕዝቡን በክፍል በክፍሉ ለይቶ በየክፍሉ ዕጣ ማውጣት የሚያስገኘውን ጥቅም በሒሳብ አሳየ። የእኛው የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተሠራው በዚያ መንገድ ነው። ክልሎቹ በከተማና በገጠር ተከፍለው 645 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ወጡ፤ ከየቦታው ደግሞ ቤተሰቦች ተመርጠው በመጨረሻ 16,650 ቤተሰቦች መልስ ሰጡ። በአገር ደረጃ የሚጠቀሱ የክትባትና የሕፃናት ሞት ቁጥሮች ከዚህ ዓይነት ጥናት የሚወጡ ናቸው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አገሪቱ ስለ ራሷ የምታውቀው አብዛኛው ነገር በናሙና ላይ የቆመ ነው። እንዲህ ባለ አገር ናሙናን ከመሠረቱ የሚያውቅ ሰው የሚያሠለጥን መምህር ማጣት ከባድ ነገር ነው።

ዛሬ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የጫነ ሁሉ ውጤት ማውጣት ይችላል፤ ስለዚህ የማረጋገጫ ኮርሶችን ቀንሶ የሶፍትዌር ሥልጠና ማብዛት ይሻላል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሶፍትዌሩ ከመንገድ ዳር የመጣውንም ዳታ ተቀብሎ እኩል ያማረ ሠንጠረዥ ያወጣል። ይልቅ ኮምፒውተሩን ለቲዎሪው አገልጋይ ማድረግ ይቻላል። አር (R) በሚባለው ሶፍትዌር ጥቂት መስመር ጽፎ ዳይ አሥር ሺህ ጊዜ «ማንከባለል»፣ አማካዮቹም ወደ ኖርማል ከርቩ ሲጠጉ በዓይን ማሳየት ብዙ ተማሪ ቲዎረሙን አምኖ እንዲቀበል ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ማረጋገጫውን ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ምክንያት እየፈለገ ነው።

የቀረው ኑሮ እንደማንኛውም የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፦ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ የሚድና የፋይናል ወረቀት ማረም፣ ከረዳት ምሩቅነት ወደ ሌክቸረር፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰርነት በሚያደርሰው መሰላል ላይ በጥናት ኅትመት መውጣት። ማረሙ ግን በዚህ ትምህርት ጊዜ ይወስዳል። የመጨረሻው መልስ ትክክል ሆኖ መንገዱ የተሳሳተ ወረቀት አለ፤ መልሱ ተሳስቶ አስተሳሰቡ የጠራም አለ። ሁለቱን ለመለየት እያንዳንዱን መስመር ማንበብ ግድ ነው። ባንኮችና የምርምር ድርጅቶችም ይህንኑ ሙያ ስለሚፈልጉት፣ ጎበዝ የተባለው ወጣት መምህር በትምህርት ክፍሉ እንዲቆይ ማድረግ ቀላል አይደለም።

ወደዚህ ሥራ መግባት ለሚያስብ ተማሪ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገረው። በዲግሪ ደረጃ ግዴታ ባይሆንበት እንኳ ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ሪል አናሊሲስ እና ሊኒየር አልጀብራ ይውሰድ። የድኅረ ምረቃው ፕሮባቢሊቲ በሜዠር ቲዎሪ ሲጀምር ብዙዎች የሚደነቃቀፉት እዚያ ነው። በክረምት ዕረፍቱ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ወደ ገጠር ይውጣ፤ ቤት ዘግተው የሄዱ ሰዎችን ለመጠየቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይመለስ። «መልስ ያልሰጡ» ብሎ ለተማሪ ሲያስተምር ስለ ማን እያወራ እንደሆነ ያውቃል።